የገል ዕጣ

የእብናት መንገድ ለእኔ ጉልበት የተሠራ አይደለም። ከደብረ ታቦር የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከተማውን ራቅ እንዳለ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ "አሁን እንነሣለን እማማ" ሲለኝ አመንኩት፤ ሞኝ ነኝ። መለዋወጫው ጎማም የተነፈሰ መሆኑ ሲታወቅ ዣንጥላዬን ይዤ፣ እያጉረመረምኩ፣ ከመንገዱ በላይ ወዳለው የወይራ ጥላ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ስቆጣ የኖርኩ ጡረተኛ መምህርት ነኝና ማጉረምረም ያምርብኛል።

ከጥላው ሥር አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ማሰሮና ጣሳ የያዘች ወጣት ቆማለች።

"ቲቸር! በሞትኩት! እርስዎ ነዎት?"

ብርቱካን ነበረች፤ ክፍል ውስጥ በጥያቄ መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣኝ የነበረች ተማሪዬ። ዓረብ አገር ሠርታ እንደተመለሰች፣ አግብታም ፈትታ ልጇን ይዛ አባቷ ግቢ እንደገባች ሰምቼ ነበር። ተሳሳምን። ሽማግሌው አባቷ አቶ ሙላቴ መሆናቸውን ነገረችኝና ውሃ ቀዳችልኝ።

"በደህና ቀን ነው የመጡ መምህሪት" አሉ አቶ ሙላቴ፣ ፊት ለፊት ያለውን ኮረብታ በከዘራቸው እያሳዩ። "ዛሬ ሣራችንን የምንከፋፈልበት ቀን ነው።"

ያ ኮረብታ ድሮ ጎርፍ የገፈፈው ራቁት ድንጋይ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ቀበሌው ሙሉ ወጥቶ እርከን ሠራበት፣ ከከብት ከለለው፣ መግቢያውን በእሾህ ዘጋው። አሁን ሣሩ ሰው ወገብ ይደርሳል። በየዓመቱ ጥቅምት ሲያልቅ ኮረብታው በድርሻ ይሸነሸንና አባወራው ሁሉ ቀለበትም ይሁን ቁልፍ የራሱን ምልክት በኮሚቴው ሊቀ መንበር በአቶ ሙላቴ ጋቢ ላይ ይጥላል። ምልክቱ በወጣበት ድርሻ ላይ ያጭዳል። ወንዶቹ ከታች ሜዳው ላይ መሰብሰብ ጀምረዋል፤ ሴቶቹ እንደ ልማዱ ራቅ ብለው ቆመዋል።

ከሁሉም ተለይታ፣ ፀሐዩ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ሴት አየሁ። እጇ ላይ የያዘችውን ነገር ታገላብጣለች።

"ያቺ ማን ናት? ለምን ጥላ አትገባም?"

አቶ ሙላቴ መሬት መሬት አዩ። "ብዙነሽ ትባላለች፤ ሸክላ ሠሪ ናት። ባሏ ሞቶባታል። እኔም ዕጣ ልጣል ብላ ነው የመጣች። የያዘችው የማሰሮ ስባሪ ነው፤ ምልክቴ ይሁን ብላ ገል ይዛ መጣች።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው?"

"አባወራ የላትማ መምህሪት! ዕጣ የወንድ ነው።"

ብርቱካን ማሰሮውን አስተካክላ ያዘች። "አባዬ፣ ይቆጡኝና ልናገር። ለእርከኑ ድንጋይ ስትሸከም 'አባወራሽ የት አለ?' ያላት ሰው ነበር?"

"አልነበረም። እሱስ እውነት ነው።"

"እኔስ ልጄን አዝዬ አፈር ስዝቅ ማን ከለከለኝ?"

"አንቺማ በእኔ ዕጣ ውስጥ ነሽ። የአባትሽ ሣር የአንቺ አይደለም እንዴ?"

"የአንቱ ሣር ለአንቱ በሬዎችም አይበቃ። የእኔ ላም በበጋ ምን እንደምትበላ ጠይቀው ያውቃሉ አባዬ?"

እኔም ልማዴ ነውና ጣልቃ ገባሁ። "አቶ ሙላቴ፣ ይህ አሁን ውሃ የተቀዳልኝበት ማሰሮ የማን ሥራ ነው?"

"የእሷው ነው፤ የብዙነሽ።"

"ማሰሮዋ ከቤት ይገባል፣ እሷ ግን ከጥላ አትገባም?"

"መምህሪት" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ሰዉ ዓይኗን ይፈራል። በሥራው ቀን እንኳ በጣሳችን አትጠጣም፤ የራሷን ይዛ ነው የምትመጣ። ፈንታሁንና ጓደኞቹ 'እሷ ከገባች እኛ እንወጣለን' ብለውኛል። ከወጡ ከብታቸውን ይለቁበታል። ይህ ኮረብታ ራቁቱን ሳለ ጎርፉ የገብስ ማሳዬን ከነቡቃያው ሲወስደው ቆሜ ያየሁ እኔ ነኝ። ለአንዲት ሴት ብዬ አገሩን ላጥፋ?"

ይህ የጨካኝ ሰው ንግግር አይደለም። የሚወደውን ነገር የሚሳሳለት ሰው ንግግር ነው። ብዙ ልማድ ዕድሜ የሚያገኘውም በእንዲህ ዓይነት ደግ ሰዎች እጅ ነው፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

"ልማዱን እርስዎ አላመጡትም" አልኳቸው። "ዕጣው የሚጣልበት ጋቢ ግን የእርስዎ ነው።"

"ደግሞም ጥፋት አለባት!" አሉ ቶሎ ብለው። "አምና በበጋ ለዘር ብለን የተውነውን ሣር ላም ገብቶ ጨረሰው። የእሾህ በሩን የከፈተች እሷ ናት ተባለ። ቀጣናት፤ ከኮረብታው ግርጌ የሸክላ አፈር እንዳትቆፍር ከለከልናት።"

"ከፍታ ያያት አለ?"

"ያያትስ የለም። ግን ከእሷ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?"

ብርቱካን ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

"እኔ ነኝ አባዬ።"

"ምኑን ነሽ?"

"በሩን የከፈትኩት። የሆሳዕና ዕለት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እያለ ላሜን ያስገባሁ እኔ ነኝ። ላሚቱ ነጥፋ ነበር፤ ልጄ ወተት አጥቶ ነበር። ስወጣ ብዙነሽን መንገድ ላይ አገኘኋት። አይታኛለች። ሰው ፊት ስትቀጡአት እኔ ከጎንዎ ቆሜ ነበር። ፈራሁ አባዬ። ዝም አልኩ።"

አቶ ሙላቴ ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉ፤ ሊመቷት ነው ብዬ ደንግጬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸው ተሰብሮ፣ "ከእኔ ቤት ሆነሽ ሣር አጣሽ?" አሉ።

"ሁልጊዜ አንቱን መለመን አፈርኩ። የራሴ ድርሻ ቢኖረኝ እኮ ያን በር እኔው ራሴ እጠብቀው ነበር።"

እንባዋ መጣ። የእኔም መጣ፤ ሰው እንዳያየኝ ዣንጥላዬን ዘረጋሁ።

ሽማግሌው ተነሡና ወደ ብዙነሽ ወረዱ፤ ብርቱካን ማሰሮውንና ጣሳውን አንሥታ ተከተለቻቸው፣ እኔም ከኋላ። ብዙነሽ ሲመጡ አይታ ብድግ አለች፤ መንገድ ልትለቅ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ብዙነሽ፣ ልጄን አይተሻት ነበር አሉ። ለምን ዝም አልሽ?"

"ብናገርስ ማን ያምነኝ ነበር አያ ሙላቴ?" አለች። "ደግሞ ወተቱ የሕፃን ነው። እኔም ላሜ ብትነጥፍ ምን እንደማደርግ እንጃ። ዘንድሮም ሣር ካላገኘሁ እብናት ገበያ ልነዳት ነው። ከእሷ በቀር ምንም የለኝም።"

አቶ ሙላቴ ሊንበረከኩ ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘች። "ኧረ በእመቤቴ! ተዉ!" ሌላ ጊዜ ቢሆን ክንዳቸውን ለመንካት የምትደፍር አይመስለኝም።

ወንዶቹ ወደተሰበሰቡበት ሜዳ ይዘዋት ሄዱ። ጋቢያቸውን አነጠፉ፤ ወንዶቹም ምልክታቸውን ጣሉበት። አቶ ሙላቴ ጣሳውን ከልጃቸው ተቀብለው ውሃ ሞሉና ለብዙነሽ ሰጧት። ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች። "ጠጪ" አሏት። ጠጣች። የተረፈውን እሳቸው በዚያው ጣሳ ጨለጡት።

"ስሙኝ" አሉ። "አምና በሩን የከፈተችው ብዙነሽ አይደለችም፤ የእኔ ልጅ ናት። ያለ ጥፋቷ የቀጣናት እኛ ነን፤ አፈሯን ከዛሬ ጀምሮ ትቁፈር። ልጄን ሌባ ያደረጋት ማን ነው ብዬ ሳስብ ደግሞ ራሴን አገኘሁት። ላቧን አፍስሳበት ድርሻ የነሣናት ሰው እንዴት ብላ ትጠብቅልን? ከእንግዲህ እርከኑን የሠራ ሁሉ፣ ሴትም ቢሆን ሸክላ ሠሪም ቢሆን፣ ዕጣ ይጥላል።"

"እኔ ከእሷ ጋር ዕጣ አልጥልም!" አለ ፈንታሁን።

"መብትህ ነው። ቀለበትህን ልመልስልህ?"

ፈንታሁን ብዙነሽን አየ፣ ጣሳውን አየ፣ ከዚያ የሣሩን ማማር አየ። "ይሁን... ይቀመጥ" ብሎ አጉረመረመ። ከማጉረምረም በኩል ተገናኝተናል አልኩ በልቤ።

ብርቱካን የፀጉሯን ሽቦ አውልቃ ጣለች። ሌሎች ባል የሌላቸው ሴቶችም እየተሽኮረመሙ ቀረቡ። በመጨረሻ ብዙነሽ ገሏን አቶ ሙላቴ ጋቢ ላይ አኖረች።

ዕጣ አያዳላም። የብርቱካን ሽቦ ጥሩ ሣር ላይ ወጣ፤ የብዙነሽ ገል ግን ድንጋያማው ዳር ላይ። አቶ ሙላቴ ተሸማቀው፣ "የእኔን ውሰጂ፣ እንለዋወጥ" አሏት።

"አይንኩብኝ አያ ሙላቴ!" አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀች። "ድንጋይም ቢሆን ዕጣዬ ነው።"

ማጭድ ተውሳ ስትገባበት አየኋት። ሹፌሩም ጥሩንባውን ነፋ።

በዓመቱ በዚያው መንገድ ሳልፍ፣ ጎማው ደህና ሳለ፣ ሹፌሩን አውርደኝ አልኩት። ኮሚቴው ውስጥ ብርቱካንና ሌሎች ሴቶች ገብተዋል። የሸክላ አፈር የሚቆፈርበት ቦታ በስምምነት ተለይቷል፤ የተቆፈረው ተመልሶ ይሞላል። ጎርፉ የቆፈረው ቦረቦር መስፋቱን አቁሟል። ከግርጌው ያለው ምንጭ በበጋም አልደረቀም አሉኝ። የብዙነሽ ላም አልተሸጠችም፤ ወልዳለች። ተራራን ከእሾህ አጥር ይልቅ የሚጠብቀው "የእኔ ነው" የሚል ሰው መብዛቱ እንደሆነ አንባቢዬ ከዚህ ይረዳልኝ።

ጥበቃው በየተራ ነው። የዕለቱ ተረኛ ብዙነሽ ነበረችና በሩ ላይ ቆማ ወደ ታች ትጮኻለች፦

"ፈንታሁን! ጥጃህን መልስ!"

ፈንታሁን ነጠላውን እየሰበሰበ ሮጦ መጣ፤ ጥጃውን በጆሮው ይዞ ለብዙነሽ እጅ ነሣ።

"እሺ፣ እትዬ ብዙነሽ" አለ።