ቆላ የማትወርድ መኪና

ባላምባራስ አለሙ ያረጀች ባለሁለት ወንበር የውድድር መኪናቸውን ይዘው ዳንግላ ወዳለው ጋራዤ የመጡት አኩርፈው ነው። «እንጅባራ ዳገት ላይ ፈረሰኛ ቀደመኝ» አሉኝ። የደጋው አየር ስስ ስለሆነ ሞተሯን ትንፋሽ ያጥረዋል። ፈታኋትና ፒስተኖቹ አየሩን አጥብቀው እንዲጨምቁት፣ ከላያቸው የሚከደነውን ቴስታታ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግሁ አሳሳሁት። ስትገጠም በጉም ውስጥ ፈረሶቹን እየቀደመች ስትወጣ፣ ጎማዋ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን አብረን ወደ ጫግኒ ስንወርድ፣ ሙቀቱ ገና ሲቀበለን ሞተሯ በመዶሻ እንደሚቀጠቀጥ ብረት ይንኳኳ ጀመር። ቆላው አየሩ ወፍራም ነው፤ ለደጋ ያሳሳሁት ቴስታታ ያን ሁሉ ሲጨምቀው ቤንዚኑ ያለጊዜው ይፈነዳል። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት ባላምባራስ አቁመው ወረዱና እጃቸውን ኮፈኗ ላይ አሳረፉ። «የደጋ ፈረስ ቆላ ሲወርድ ይታመማል። እያወቅሁ አወረድኋት» አሉ፤ ጋቢያቸውንም አውልቀው አለበሷት። እኔም ማስረዳቱን ተውሁት። ከዚያ ወዲህ ጫግኒ ጉዳይ ሲኖራቸው እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ በመኪና ይበርራሉ፤ እዚያ ጋቢውን አልብሰዋት በበቅሎ ይወርዳሉ። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ነበርሁ። በቅሎዋ ላይ እንዳሉ ዘወር ብለው በጉሙ ውስጥ አዩዋትና «ብቻዋን አትፈራም?» አሉኝ። መኪና እኮ ናት ልል ነበር። «ለምዳዋለች» አልኋቸው።