የጋሽ መሸሻ ባላጋራ

ሐሙስ ጠዋት ታክሲ ልይዝ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ የጎረቤቴን የጋሽ መሸሻን ልጅ አይዳን በራቸው ላይ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና የሚያለቅስ ተማሪ አይቼ ማለፍ አልችልም። ጡረታም ይህን ልማዴን አላስተወኝም።

«ምን ሆንሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ጋሼ፣ አባዬ ድርሰቴን ቀማኝ። እስከ ስምንት ሰዓት ካላስረከብኩ ኮርሱን መድገሜ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮሌጅ መምህሯ «የጥበብ ንድፍ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ሽሮ ሜዳ መሸጡ ይከልከል ወይስ አይከልከል?» የሚል የእንግሊዝኛ ድርሰት አዘዋል። አይዳ የሸማኔ ልጅ ናትና «ይከልከል» ብላለች። ነገር ግን የተቃራኒው ወገን ሐሳብም በቅንነት መስፈር ስላለበት አንዲት አጭር አንቀጽ ለፋብሪካው ጨርቅ ሰጥታለች። ኮርታ ለአባቷ በአማርኛ ስትተረጉምላቸው እዚያች አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ነጥቀው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ይዣት ገባሁ። ጋሽ መሸሻ ከሸማ ዕቃቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«መምህር፣ ለማማለድ ከሆነ የመጡት ይቅርብዎ። አርባ ዓመት የሸመንኩት ልጄ የባላጋራዬን ወሬ እንድትጽፍ ነው? ያቺን አንቀጽ ታውጣና ወረቀቷን ትውሰድ።»

«ካወጣቻት መምህሯ አይቀበሏትም።»

«ምን ዓይነት ትምህርት ነው! ለተከራካሪው ጥብቅና የሚቆም ሰው የት አለ?»

ይህን ከእርሳቸው አፍ መስማቴ ሳቄን አመጣው። የዕድራችን ሽማግሌ እኮ ናቸው!

«ጋሽ መሸሻ፣ እኔና ጎረቤቴ አቶ ቤዛብሕ በደጃችን ቦይ የተጣላን ጊዜ ምን እንዳደረጉኝ ረሱት? ‹መጀመሪያ የቤዛብሕን አቤቱታ እርስዎ ይናገሩልኝ፤ እሱ «ልክ ነው» እስኪል ድረስ የእርስዎን አልሰማም› አሉኝ።»

«እሱማ ደንቤ ነው። የሌላውን ሳይሰማ የሚጮህ ሰው...» ብለው ጀመሩና ደረት ኪሳቸውን ዳበሱ።

እኔ ግን በዚህ አልተውኳቸውም። «ያን ቀን ተናድጄብዎት ነበር። ሆኖም የእሱን በደል በራሴ አፍ ስናገር ነው የእኔ ፍሳሽ የእሱን ግድግዳ እየበላ መሆኑ የገባኝ። የልጅዎ መምህርም ያንኑ የእርስዎን ደንብ ነው ያዘዙት። የሸማኔ ልጅ ለሸማኔ ብቻ ብትከራከር አንባቢው ‹ምን ታድርግ፣ አባቷ ነው› ብሎ ያልፋታል። የገዢውን ችግር አውቃ ስትከራከር ግን ቆሞ ያዳምጣታል።»

ጋሽ መሸሻ መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። ወረቀቱን አውጥተው ለልጃቸው ዘረጉላት።

«እስቲ ያቺን አንቀጽ ድገሚልኝ።»

«የፋብሪካው ጨርቅ ርካሽ ነው። ድሃም ይገዛዋል።»

«ከዚያስ?»

«በቃ፣ አባዬ። አለቀ።»

«ይሄማ ተከራካሪሽንም አንቺንም መናቅ ነው! አሳንሰሽው ብታሸንፊ ምን ይረባሻል? ጻፊ። ሲታጠብ አይኮማተርም በይ። ጠዋት የታጠበው ከሰዓት ይለበሳል በይ። ልጅ ለምታዝል እናት...» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የሠራሁላትን ቀሚስ ለበዓል አስቀምጣ በአዘቦት የምትለብሰው ያንን ጨርቅ ነበር። ስንት ዓመት ተቀየምኳት። ለምን እንደምትለብሰው ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።»

አይዳ እንባዋን እየጠረገች ጻፈች። እኔም መነጽሬን ለመወልወል ምክንያት አገኘሁ።

«ታዲያ አሁንም ይከልከል ልበል፣ አባዬ?»

መወርወሪያቸውን መልሰው አነሡ። «አይከልከል። ይሸጥ፤ ግን ‹የእጅ ሥራ ነው› ተብሎ አይሸጥ። ለካ ያንገበገበኝ እሱ ነው።»

የሁለቱን ወገን ሐሳብ መዝኖ መጻፍ ጥቅሙ ይኸው ነው። ባላጋራን ከማሳወቁ በፊት የራስን ጥያቄ ያጠራል፤ በከንቱ የተያዘውን ቂምም ያስጥላል። በደንብ የተጻፈ ድርሰት ከማርክ ያለፈ ፋይዳ አለው የምለው ለዚህ ነው።

አይዳ መደምደሚያዋን ለውጣ እንደገና ገለበጠችና ስድስት ሰዓት ላይ ለመሄድ ተነሣች። ከበሩ ሳትወጣ አባቷ ጠሯት።

«አይዱ፣ ስትመለሺ የእናትሽን አንቀጽ በአማርኛ ጻፊልኝ። እኔ ጋ ይቀመጥ።»