ታፍ ሁኚ

እናንተዬ፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የልጅ ልጄን እህል አስተወቻት! እናቷ ለሥራ ወደ ጅዳ ስትሄድ፣ እዚሁ አሰብ ወደብ ላይ ስማት "ሰላምዬ፣ ታፍ ሁኚ" አለቻት። ይኸው ሳምንት ሙሉ እንባም የለ፣ ምግብም የለ። "ታፍ ሰው አያለቅስም" ትለኛለች፣ የስምንት ዓመት ልጅ!

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሰሌን እየሠራሁ ጎረቤታችንን አስተማሪውን ጠራሁት። "መምህር፣ ይቺ ታፍ ምንድን ናት?"

"ጠንካራ ማለት ነው፣ እማማ። አልበስል ያለ ሥጋም፣ ከባድ ፈተናም ታፍ ይባላል። በጥንት ጊዜ ግን ቢስቡት፣ ቢያጥፉት ለማይበጠስ ነገር ነበር አሉ።"

ሳቄ መጣ። ያልተነከረ ዘንባባ አንስቼ ባጥፈው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከውሃ ያወጣሁትን ግን ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት፤ እሺ አለ።

ለልጅቷ እያሳየኋት "አየሽ የኔ እናት፣ የሚሰበረው ደረቁ ነው" አልኳት።

ጣቴ ላይ የተጠመጠመውን ዘንባባ አየችው። ከዚያ "እማዬ ናፈቀችኝ" ብላ ጉያዬ ገባች። መምህሩ ፊቱን አዞረ። እኔማ ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ፣ አብሬያት አለቀስኩ።

ሲወጣልን ዓሣ አቀረብኩላት። አፍንጫዋን እየጠረገች "እሾሁን አንቺ አውጪልኝ" አለችኝ።