ለሽማግሌዎቹ የተሠራ ዓሣ

ባሕር ዳር፣ እሑድ ረፋድ፤ ወይዘሮ ይታይሽ ከልጇ ከመክሊት ጋር ማጀት ቆማ፣ ደምሰው መክሊትን ለማግባት ላቀረበው ጥያቄ መልስ ለመስማት የሚመጡትን ሦስት ሽማግሌዎች ትጠብቃለች።

ይታይሽ፦ ዶሮ ይሠራ አልኩሽ! የዶሮ አጥንት ይታያል። የዓሣ እሾህ ግን ተደብቆ ነው ሰው የሚገድለው።

መክሊት፦ እማዬ፣ ዓሣ ይሁን ያለው እኮ ደምሰው ነው። «ሩዝ በዓሣ፣ በካሪ፤ እሷው በእጇ ትሥራው» አለሽ፤ አንቺም እሺ አልሽው።

ይታይሽ፦ አማች ሊሆን ለመጣ ሰው እሺ አይባልም? ይልቅ እሾሁን ልቀሚ! የሽማግሌዎቹ አውራ አቶ ጌጡ ሰባ አልፏቸዋል። አንዲት እሾህ ጉሮሯቸው ላይ ብትሰካ፣ ነገ ገበያ ስወጣ «ሽማግሌ አንቃ የገደለችው» ተብዬ ነው የምጠራው።

መክሊት፦ ሁለቴ ለቅሜዋለሁ።

ይታይሽ፦ ሦስተኛ ልቀሚ። ዓሣ በብልሃት ነው የሚበላው። ይሄ ቢጫ ዱቄት ደግሞ ምንድን ነው? ስሙን ለውጦ የመጣ እርድ!

መክሊት፦ ካሪው ነው፤ እርድ ብቻ አይደለም። ድንብላል አለው፣ ከሙን አለው፣ አብሽ አለው።

ይታይሽ፦ ሁሉም እኮ እዚህ መደርደሪያዬ ላይ አሉ። አንድ ላይ ሲፈጩ ነው እንዲህ የሚኮሩት?

መክሊት፦ የሚኮራውስ ደምሰው ነው። አንዴ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ ቀመሰ፤ ከዚያ ወዲህ «ካሪ» ሲል አፉ ሙሉ ነው። ውጭ አገር አሥር ዓመት የኖረ ይመስላል።

ይታይሽ፦ ምላስሽን ሰብስቢ። ሩዙ የየት ነው?

መክሊት፦ የፎገራ።

ይታይሽ፦ አየሽ! የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል እንጂ እንዲህ ተቀቅሎ ፍሬ በፍሬ አይቆምም። ገንፎ ነው የሚሆነው። ሽማግሌዎቹ ገንፎ ሲቀርብላቸው ምን ይላሉ? «ለካ ልጅቷ ወልዳለች፣ አራስ ቤት ነው የመጣነው» አይሉም?

መክሊት፦ ገንፎ አይሆንም። አምስት ውሃ አጥቤዋለሁ። የሚፈላበትንም ውሃ ለክቼ ነው ያስገባሁት።

ይታይሽ፦ መሬት ቀያሽ ስለሆንሽ ሩዝም ትለኪያለሽ? እስቲ ሜትሩንም ድስቱ ላይ ዘርጊው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላሽ ሦስት ወር ቀረሽ፤ እሱን ለኪ!

መክሊት፦ እሱንማ አንቺ በየቀኑ እየለካሽልኝ ነው።

ይታይሽ፦ ሽንኩርቱን አማስዪው፣ ያርራል። እሳቱንም ቀንሺ። መብራቱ መጥፋቱ እንደሁ አይቀርም፤ ከሰሉን አያይዣለሁ።

መክሊት፦ መብራቱ ምን አደረገሽ?

ይታይሽ፦ እስካሁን ምንም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

መክሊት፦ እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ ባይበሉስ?

ይታይሽ፦ እንዲህ ያለ ሟርት ማጀቴ ውስጥ አይነገርም! ባለፈው እሑድ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። «ጉዳያችን ሳያልቅ እህል አንቀምስም» ብለው ወጡ። ዛሬ ከቀመሱ አለቀ፤ እህል አብልቶ «ልጄን አልሰጥም» የሚል ሰው የለም። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ መልሱ የእኔ ነው። መልሴም ይሄ ድስት ነው።

መክሊት፦ እና በአንድ ጭልፋ ሩዝ ነው የምዳረው?

ይታይሽ፦ እኔ በአንድ ዶሮ ነው የተዳርኩት። ምን ሆንኩ?

መክሊት፦ እሱን አንቺ ንገሪኝ።

ይታይሽ፦ … ነጭ ሽንኩርቱስ? ዝንጅብሉስ?

መክሊት፦ ገብቷል። አሁን ካሪውን ላስገባ ነው። «ከሠርጉ በፊት ሥራሽን ልቀቂ» እንዳለኝ ነግሬሻለሁ?

ይታይሽ፦ ወንድ ሁሉ መጀመሪያ እንዲያ ይላል። ኋላ ዘይት ሲወደድ ራሱ ነው «ሥራ ፈልጊ» የሚልሽ።

መክሊት፦ የመልቀቂያውን ደብዳቤ ራሱ ጽፎ አምጥቶልኛል። የእኔ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው።

ይታይሽ፦ ታዲያ ጽሕፈቱ ያምራል?

መክሊት፦ እማዬ!

ይታይሽ፦ ምን ልበልሽ? እምቢ ብዬ ብቀር፣ እኔም ነገ ብሞት፣ ብቻሽን እዚህ ቤት ስታረጂ ይታየኛል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ውሻው ያረጃል…

መክሊት፦ ውሻ የለንም።

ይታይሽ፦ ያኔ ይኖርሻል። ብቸኛ ሴት ውሻ ታሳድጋለች።

መክሊት፦ «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» የሚሉት ላንቺ ነው።

ይታይሽ፦ ዝም በይ፣ ስልክ ነው። እሱ ነው! … ሄሎ? አቤት ደምሰው፣ ልጄ! … አዎ፣ እሷው ናት የምትሠራው፤ እኔ እጄንም አላስገባሁም። … እ? … ለስንት ጊዜ? … ስድስት ወር። … እናትህ ቤት። … ልክ ነህ። … እኔ? … እሱስ ልክ ነህ፤ እኔ ምን አስተምሬያት። … እሺ። እሺ፣ ልጄ። ቤቱ አይጠፋቸውም።

መክሊት፦ ምን አለሽ?

ይታይሽ፦ ምንም። ዓሣውን ጨምሪ፤ እንዳይፈረካከስ ቀስ ብለሽ።

መክሊት፦ ስድስት ወሩ የምን ነው?

ይታይሽ፦ ክደኚው።

መክሊት፦ ከደንኩት። የምን ነው?

ይታይሽ፦ … «ምግቡ ባያምርም አይጨነቁ» አለኝ። ከሠርጉ በኋላ ስድስት ወር እናቱ ማጀት ትገቢያለሽ። እህቶቹ ያሠለጥኑሻል። «እርስዎ ያላስተማሯትን እነሱ ያስተምሯታል» አለኝ። ሳቀም።

መክሊት፦ አንቺስ?

ይታይሽ፦ ሰምተሽ የለ፤ ልክ ነህ አልኩት። አፌ ለምዶ።

መክሊት፦ ስድስት ወር ምን አላት፣ ቶሎ ታልፋለች አትይኝም?

ይታይሽ፦ እኔንስ አንድ ሳምንት ነው ያሉኝ።

መክሊት፦ የምን ሳምንት?

ይታይሽ፦ ሽማግሌ የመጣልኝ ቀን የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ነበረኝ። እናቴ ዶሮውን እያወጣች «የሳምንት ትፈተኛለሽ፣ ዛሬ እንግዳ አስተናግጂ» አለችኝ። አስተናገድኩ። በሉ፣ መረቁ፣ ሄዱ።

መክሊት፦ ከዚያስ?

ይታይሽ፦ ያቺ ሳምንት እስካሁን አልመጣችም።

መክሊት፦ … ነግረሽኝ አታውቂም።

ይታይሽ፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? ለአንቺስ ክፉ ክፉውን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። በሽታውን አሰብኩ፣ መኪናውን አሰብኩ፣ ሐይቁን አሰብኩ፣ ሳታገቢ መቅረትሽን አሰብኩ። ይሄ ስድስት ወር ግን አምልጦኝ ነበር። እስቲ የሩዙን ክዳን ክፈቺው።

መክሊት፦ ይኸው። ፍሬ በፍሬ ነው፤ ተመልከቺው።

ይታይሽ፦ አምጪ፣ ከዓሣው ጋር ልቅመሰው። … ጨው አንሶታል። … እሾህ የለውም። … እነዚያ እህቶቹ ይሄን ነው የሚያሠለጥኑሽ? ቡና እንኳ ሳያሳርሩ አፍልተው አያውቁም!

መክሊት፦ እማዬ፣ በሩ እየተንኳኳ ነው። እነሱ ናቸው። ምን ላድርግ?

ይታይሽ፦ ለሦስት ሽማግሌ የበቃ ለሁለት ሴት አይበዛም። ሳህን አምጪ።

መክሊት፦ ይሰሙናል እኮ! ይቀየማሉ።

ይታይሽ፦ ይቀየማሉ፣ ያሙናል፣ አቶ ጌጡም ይረግሙኝ ይሆናል። እሱን ሁሉ አስቤዋለሁ። ተቀመጪና ብዪ፤ ድስቱ ባዶ ሳይሆን በሩ አይከፈትም።