በአዋሽ ላይ ቀዝፈው፣ በዳርቻው አድረው የኖሩት መምህርት ሸዋወርቅ አብተው

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ሐዘናችንን የተካፈላችሁ ወዳጅ ዘመዶቻችን፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የመምህርት ሸዋወርቅ አብተውን ሕይወት በአጭሩ የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው አለማየሁ ነው።

መምህርት ሸዋወርቅ ከአባታቸው ከአቶ አብተው ወልደ ሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሰለች ደጉ በ1930 ዓ.ም ሞጆ ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ቤተሰቡ ወደ ናዝሬት ሲዛወር እሳቸውም ትምህርታቸውን በዚያው ተከታትለው፣ በመምህርነት ሠልጥነው ዝዋይ ተመደቡ። በዚያም ከሐይቁ ደሴቶች በደንገል ታንኳ ወደ ገበያ ከሚመጡ እናቶች ጋር ተወዳጅተው፣ መጀመሪያ መሳፈር፣ ኋላም መቅዘፍ ተማሩ። ወይዘሮ መሰለች ይህን በሰሙ ጊዜ፣ «አስተምሪ ብለን ላክናት እንጂ ውኃ ግቢ አልናት?» ማለታቸውን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይጫወተዋል።

ወደ ናዝሬት ከተመለሱ በኋላ ከእንጨት ሥራ ባለሙያው ከአቶ ገርባ ሆራ ጋር ትዳር መሥርተው ዲንቄንና ኃይለየሱስን ወለዱ። አቶ ገርባ፣ «የሰው ሚስት ቁም ሣጥን ታሠራለች፤ የኔዋ ታንኳ አሠራችኝ» ይሉ የነበረው ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ሰፋፊ ታንኳዎች ከእጃቸው ወጥተዋል።

ከ1970 ዓ.ም ወዲህ፣ ክረምቱ አልፎ አዋሽ ሲረጋ፣ መምህርት ሸዋወርቅ ቤተሰባቸውንና ባልደረቦቻቸውን ይዘው ከሶደሬ በታች በታንኳ ይነሡና በወንዙ ዳር በድንኳን አድረው በማግሥቱ ኑራ ኤራ ይደርሱ ነበር። ሽር ጉዱ የሠርግ ያህል ነበር። ድንኳኑን ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ራሳቸው ሰፍተውታል፤ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ውኃ እንዳይነካው አሽገው፣ የቀበሌውን ፈቃድ ያወጣሉ፤ ዋና የማይችለውን ሰው ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ሳያለማምዱ አያሳፍሩም፤ የጉማሬ መውጫ ባለበት ዳርም ድንኳን አያስተክሉም። ሰው በጊዜ ቤቱ በሚገባበት በዚያ ዘመን፣ ትኩስ ዓሣ እየጠበሱ፣ የአቶ ገርባን የኦሮምኛ ዘፈን እየተቀበሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ መሳቃቸው ትልቁ ደስታቸው ነበር።

በኅዳር 1975 ዓ.ም ግን ጉዞው ሊያስለቅሰን ነበር። እሳቸው ከባለቤታቸውና ከኃይለየሱስ ጋር በፊተኛው ታንኳ፣ ልጃቸው ዲንቄ ደግሞ ከባልደረባቸው ከመምህር አብዱልጀባርና ከባለቤቱ ከዙለይካ ጋር በኋለኛው ሆነው ሲወርዱ፣ ወንዙ በደሴት ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ በታንኳዎቹ መካከል ጉማሬ ብቅ አለ። ኋለኞቹ ሸሽተው በጠባቡ በኩል ገቡ። ፊተኞቹ ውኃው ዳግም በሚገናኝበት ቆመው ቢጠብቁ፣ የመጣው አንድ መቅዘፊያ ብቻ ነበር። እስኪመሽ እየተጣሩ ፈለጉ፤ መልስ አላገኙም።

ኑራ ኤራ መኪና ይዞ የሚጠብቃቸው ይህ ወንድማቸው ነበርና፣ ሰዎቹ ሲዘገዩ የእርሻ ልማቱ ጥበቃዎች፣ «እህትህ ወደ ጅቡቲ ሊሻገሩ ነው እንዴ?» እያሉ ያፋጥጡት ጀመር። የትኛውን ክፉ እንደሚፈራ ግራ ገብቶት አደረ።

ንጋት ላይ አቶ ገርባ ከደሴቱ ጢስ ሲወጣ አዩ። መምህርት ሸዋወርቅ ከመነሣታቸው በፊት ሁልጊዜ፣ «ከተጠፋፋን ካላችሁበት ንቅንቅ አትበሉ፤ እሳት አንድዱ» ይሉ ስለነበር፣ ዲንቄ ታንኳው ከወደቀ ዛፍ ሥር ሲሰነቀርባቸው ሁለቱን ጎትታ አውጥታ እንደ ትእዛዙ ማድረጓ ነበር። ዙለይካ ከማዶ፣ «እትዬ ሸዋወርቅ፣ ቁርስ ካልያዛችሁ አንነሣም!» ብላ ስትጮህ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንባ ያልወጣቸው እናት አሸዋው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ወዲያውም ሳቁ።

ስድስቱም በፊተኛው ታንኳ ሆነው ኑራ ኤራ ሲደርሱ አንዱ ጥበቃ መሣሪያውን እንዳነገበ፣ «ወዴት ልትሄዱ ነበር?» ሲላቸው፣ መምህርት ሸዋወርቅ፣ «ወደ ቤታችን ነዋ፣ ልጄ! ደክሞናል፤ ና ይሄን ታንኳ ያዝልን» አሉት። ልጁም መሣሪያውን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ ከነሱሪው ውኃው ውስጥ ገብቶ ሳበላቸው።

ዘመድ ሁሉ ጉዞው ይብቃ ሲል፣ በዓመቱ ከሁሉ ቀድማ ታንኳው ላይ የወጣችው ዲንቄ ናት፤ እናቷም አልከለከሏትም።

በ1979 ዓ.ም የኩላሊት ሕመም ጀምሯቸው ከወንዙም ከማስተማሩም ለያቸው። እንቅልፍ የነሣቸው ሥቃይ ሁላችንንም ሲያስጨንቅ ቆይቶ፣ ባለፈው ሐሙስ፣ ጥር 1983 ዓ.ም፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ሕመሙ ለቋቸው በሰላም አረፉ። ማጣታችን ቢከብድም፣ ሥቃያቸው ማብቃቱን ስናስብ እኛም ትንፋሽ ወጣልን።

መምህርት ሸዋወርቅ ባለቤታቸውን አቶ ገርባን፣ ልጆቻቸውን ዲንቄንና ኃይለየሱስን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን አበባን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ሕመም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለእኛም፣ እሳቸው እፎይ ማለታቸውን እያሰብን የምንጽናናበትን ልብ ይስጠን። አሜን።