ከሊፍቱ በር ወዲያና ወዲህ

ከገበያ ስመለስ መብራት ጠፍቶ የሕንፃችን ሊፍት መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ደረጃውን ስወጣ ጎረቤቴን አዛውንቱን ከተዘጋው የሊፍት በር ፊት ፌሮ ይዘው አገኘኋቸው። የእህታቸው ልጅ፣ የምህንድስና ተማሪዋ፣ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ውስጥ የቀሩት ባለቤታቸው ናቸው።

«ልቀቂኝ! በዚህ ፌሮ ስንቱን ፈልቅቄ አውጥቻለሁ!»

«እግዜር ስለረዳቸው ነው ጋሼ። ሊፍቱ የቆመው በሁለት ፎቅ መሀል ነው፤ በሩ ቢከፈት ከሥሩ ገደል ነው።»

«ገመዱ ተበጥሶ ብትወድቅብኝስ?»

«ገመዱ እኮ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። ቁልቁል ልፍጠን ቢል እንኳን ሐዲዱን አንቆ የሚያስቀረው ሌላ መያዣ አለው። የሊፍት ባለሙያው ደግሞ ተደውሎለት እየመጣ ነው።»

«እስኪመጣ ታፍና ትሙት?»

«አየርማ ይገባል። ጋሼ፣ እርስዎ ያወጧቸው ጎረምሶች ናቸው። እትዬ በዚያ ጉልበታቸው ሊዘሉ ነው?»



«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ስማት እንጂ!» አሉ ባለቤታቸው ከውስጥ። «ልቤን ያራደው ሊፍቱ ሳይሆን የፌሮህ ድምፅ ነው። ይልቅ አውራኝ።»

ሰው ለሚወደው ሲሰጋ እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ፍቅር ማጉደል ይመስለዋል። እኔም በልቤ እየጸለይኩ ጠበቅሁ። አዛውንቱ ፌሮውን አስረከቡኝና ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ።

«ምን ላውራሽ?»

«ያሻህን። ወጣት ሳለህ አፍህ መች ይዘጋ ነበር?»

ሳቁ። የመጀመሪያ ቤታቸው ጣሪያ ሲያፈስ በአንድ ጃንጥላ ሥር ምሳ የበሉበትን ቀን ጀመሩላት። ቀጥሎ ያለውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለተናገሩት፣ ከልጅቷ ጋር ራቅ አልን።

ባለሙያው መጥቶ ሊፍቱን ቀስ አድርጎ ከወለሉ ጋር አስተካከለና ከፈተው። ሴትየዋ በደኅና ወጡ። «ምነው ቸኮልክ፤ ወሬው ሳያልቅ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ በሕንፃችን የሊፍት በር የሚፈለቅቅ የለም፤ የሚጎዳም የለም። ሰው ውስጥ ሲቀር ቀድመው የሚደርሱት እኚሁ አዛውንት ናቸው። «ደወሉን ተጫን፣ ከበሩ ራቅ ብለህ ተቀመጥ፣ ባለሙያው እስኪመጣ እኔ እዚህ ነኝ» ይሉና ወጋቸውን ይጀምራሉ። የተደናገጠው ይረጋል፤ አንዳንዱም ወጉ ሲረዝምበት ባለሙያው ቶሎ እንዲመጣለት ይለምናል።

ባለቤታቸው ግን፣ «ለእኔ ያወራኝን ለማንም አይደግመውም» ይላሉ።