ሞቅ ያለ ሱፍ ፍትፍት

ቀዝቃዛ ማለት እሳት ያልነካው፣ ወይም ነክቶት የረሳው ነገር ማለት ነው። ሱፍ ፍትፍት ቀዝቃዛ ምግብ ነው። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በሁዳዴ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰሞን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳልቀምስ ቆይቼ ከቡልጋሪያ ሰፈር ካዛንቺስ ድረስ በእግሬ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ በዓይኔ ላይ የሚዞረው ቃሪያና ዝንጅብል የገባበት፣ ጉሮሮ የሚያርስ ሱፍ ነበር። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ አዘዝኩ። ሳህኑ እየጨሰ መጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት አስተናጋጇን።

«ሱፍ ነው ጋሼ። ሞቅ አድርገንልዎታል።»

«ማን አሙቁልኝ አላችሁ?» ደሜ ፈላ። ድምፄን ሰምተው የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ከጓዳ ወጡ።

«ምን አጠፋን ልጄ?»

«እትዬ፣ ሱፍ በትኩሱ ይበላል እንዴ?»

«ቤትህ እንደፈለግህ ብላ። እኔ ግን ጦሙን ለዋለ ሰው ቀዝቃዛ አላቀርብም። ሆድህን ቢቆርጥህ ወቀሳው ለማን ነው?»

«ፀሐይዋን አላዩዋትም?»

«ፀሐይዋ ያለችው ውጭ ነው።»

 ወደ ሳህኑ ዞር ስል፣ በክርክሩ መሃል ሱፉ መብረዱን አየሁ። እጄን ሰደድኩ። እሳቸውም ሳህኑን በጣታቸው ነካ አድርገው ወደ አስተናጋጇ ዞሩ።

«አንቺ፣ በወሬ ቀዘቀዘበት እኮ። ውሰጂና አሙቂለት።»

እፍ እያልኩ በላሁት።